በነጠላ የተጠቀለለው ብልቃጥ

ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከመምህር እንዳለው ጎን የተቀመጠችው ሴት አንድ ብልቃጥ በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋለች። መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው የምትደግፈው ራሷን ሳይሆን ብልቃጡን ነው።

“እናቴ፣ ማር ከሆነ አቅምሱን እንጂ!” አለ ረዳቱ።

“ማርስ አይደለም፣ ልጄ። የልጄ አጥንት ነው፤ ከጉልበቷ ሥር ቆርሰው ሰጡኝ።”

የተሳፋሪው ሳቅ ቀጥ አለ። ረዳቱ ኮፍያውን አወለቀ።

መምህር እንዳለው ጠጋ ብሎ ጠየቃት። የልጅቱ ሕመም ከጡቷ ተነሥቶ አጥንቷ የገባ ካንሰር ነው። አጥንቱ ጎንደር ተመርምሮ ሆርሞን የሚቀበል ሕዋስ ከተገኘበት ሐኪሙ ሆርሞኑን በሚያግድ መድኃኒት ሊሞክር ነው፤ ካልተገኘበት ግን እግሯ ይቆረጣል። ይህን ሁለተኛውን ልጅቱ አልሰማችም፤ ቤት ተኝታ እናቷን ትጠብቃለች።

ሰው ከፊሉ ቤቱ ተኝቶ ከፊሉ መንገድ ሲሄድ፣ ነፍስ ከየትኛው ጋር ትሆን? መምህሩ ይህን ሲያብሰለስል ዳባት ደረሱ። ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ ሲታይ ተሳፋሪው ሁሉ አማተበ።

ሴትዮዋ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አስጠጋች።

“አንቺም ተሳለሚ፣ ሆዴ፣” አለች።

ከዚያም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮዋን ወደ ክዳኑ አዘነበለች።