ከሽቦው ወዲህ

ጎሚስታው ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ ይውላል፤ የመኪና ውድድር ባለ ቀን ግን እጁን በሳሙና ፈትጎ ካሜራውን ያነግታል። የካሜራው የባትሪ ክዳን የተያዘው ከጎማ ውስጥ በወጣ የካላማዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ነው። ሚስቱ «እኔም ተሰብሬ ብመጣ እንዲህ ትንከባከበኝ ነበር» እያለች ትተርበዋለች።

ዘጠኝ ዓመት ፎቶ ያነሳው ከተመልካቹ ጋር እየተጋፋ፣ ከሽቦ አጥሩ ወዲህ ቆሞ ነው። ከሽቦው ወዲያ የሚገባው ብርቱካናማ ሰደርያ የተሰጠው ባለሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ የመኪና ውድድሩ ማኅበር «ለአማተር ፎቶ አንሺዎች ብቻ» ብሎ የፎቶ ውድድር ሲያወጣ፣ ሽልማቱም የዓመት ሰደርያ መሆኑን ሲያነብ፣ ሰውየውን ከጉጉት የተነሳ እህል አልወርድ አለው።

ያስገባው ፎቶ የዋዛ አልነበረም። ጎማ አፈር ሲለቅ ድምፁ እንደሚቀየር ያውቃልና፣ ቀይዋ መኪና በመጨረሻው ጉብታ ላይ ስትነሳ ጆሮው ቀድሞ ነገረው። አራቱም ጎማ አየር ላይ!

ውጤቱ በማኅበሩ አዳራሽ ሲነገር አንደኛ የወጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከሽቦው ወዲያ ሆኖ የሚያነሳው አንዱ ባለ ሰደርያ! ያነሳው ፎቶ በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ የሚወጣለት ሰው። «እኔ የማኅበሩ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ፤ ፎቶ ለትርፍ ሰዓቴ ነው» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ጎሚስታው ደሙ ፈላ። ፎቶዎቹን ወደ ዳኙት ሽማግሌ ሄዶ፣ «ጋሼ፣ የእኔ ምን ጎደለው?» አላቸው።

«ጥግ ላይ የሽቦ ጥላ ይታይበታል፣ ወንድሜ።»

«ሽቦውን እኔ ነኝ ያጠርኩት?»

ይታያችሁ! በር ዘግተው ውጭ ያስቀሩትን ሰው፣ የበሩ ጥላ አረፈብህ ብለው ጣሉት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው።

አብራው የመጣችው ሚስቱ እጅጌውን ይዛ ከአዳራሹ ልታወጣው ስትል፣ አሸናፊው ፎቶ ፊት ቆም አለች። ያቺው ጉብታ፣ ያቺው ቀይ መኪና ናት። ከመኪናዋ ኋላ፣ ከሽቦው ማዶ፣ ካሜራ ዓይኑ ላይ የደቀነ አንድ ሰው ይታያል።

«አንተ! ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ጎሚስታው ዳኛውን ጠርቶ ጣቱን የፎቶው መስተዋት ላይ አሳረፈ። «ጋሼ፣ ሲፈልጉት የነበረው አማተር ይኸውልዎት። ይህን ፎቶ ያነሳው ሰውዬስ የት ቆሞ ነበር?»

ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው ፎቶውን ጠጋ ብለው አዩ። ከዚያ የጎሚስታውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

«ጥሩ ወጥተሃል እኮ» አሉት።