ከመሃል ወደ ዳር የሄዱት ብረቶች

መንገድ ጠራጊዋን ጉልበቷ ከከዳት አምስት ዓመት አልፎታል። ንጋት ላይ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ተነስታ እየጠረገች አደባባዩ ጋ ስትደርስ ሥራዋ ይጋመሳል። እዚያ ዛፍ ሥር ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሩብ ሰዓት ጋደም ብላ እግሯን ትዘረጋበትና የቀረውን መንገድ ትያያዘዋለች። ቤት የሌለው ጫማ ጠጋኝም የሚያድረው እዚሁ ወንበር ላይ ነው። ስትመጣ ብድግ ይልና "አልጋው ሞቋል እትዬ፣ ይረከቡኝ" ይላታል።

አንድ ጠዋት ግን ጠጋኙን መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ አገኘችው። ወንበሩ መሃል ላይ ሁለት ብረቶች ተተክለዋል። ቁጭ ማለት ይቻላል፤ ጋደም ማለት ግን ቀረ።

"ማዘጋጃ ቤት ነው" አላት ጠጋኙ። "እኔን ለማባረር ብለው እርስዎንም ነኩብኝ።"

ጎንበስ ብላ ብየዳውን በጣቷ ዳሰሰችው። እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ የሚሄድ ነው። ይህን እጅ ታውቀዋለች። የቤቷን በር የሠራላት፣ እሷው ያሳደገችው የወንድሟ ልጅ እጅ ነው።

በዚያ ሳምንት አንድም ቀን መንገዱን አልጨረሰችም። ተቆጣጣሪዋ ቁርጡን ነገረቻት፤ ሰኞም እንዲሁ ከሆነ ሌላ ሰው ይተካል።

በነጋታው እያነከሰች ብየዳ ቤቱ ሄደች።

"እቴቴ፣ እግርሽን ምን ነካው?" አለ የወንድሟ ልጅ።

"ማረፊያዬ ላይ ብረት ተክለህበት።"

ነገሩ ሲገባው የብየዳ መነጽሩን አወለቀ። "ታዝዤ ነው እኮ። ማን እንደሚተኛበት አልጠየቅኩም።"

"ብትጠይቅ አክስትህ ናት ይሉህ ነበር።"

የመስኮት ፍሬም ልታሠራ የመጣች ወጣት አርክቴክት ይህን ስትሰማ ቆይታ የታዘዘበትን ወረቀት አስመጣችው። ሁለቴ አነበበችው።

"'እያንዳንዱ ወንበር ሁለት የብረት ክንድ ይኑረው' ነው የሚለው። የት ላይ እንደሚሆን አልጻፉም።" ወደ አክስትየዋ ዞር አለች። "እማማ፣ ከወንበር ሲነሱ ምን ይይዛሉ?"

"አየር።"

አርክቴክቷ ሳቀች። ወዲያው ወረቀቱ ጀርባ ላይ ወንበር ሳለች፤ አንዱን ክንድ በቀኝ ዳር፣ አንዱን በግራ ዳር፣ መሃሉን ባዶ አድርጋ። ስዕሉን ይዛ ማዘጋጃ ቤት ገባች። የክፍሉ ኃላፊ ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየና አዲስ ደብዳቤ ከመጻፍ ይሄ ይሻለኛል ብሎ ፈረመበት። እሑድ ቀን የወንድሟ ልጅ ብረቶቹን ቆርጦ ዳርና ዳር በየዳቸው፤ ጠጋኙም ወንበሩን ያዘለት።

ሰኞ ጠዋት ጠራጊዋ አደባባዩ ስትደርስ ጠጋኙ ብድግ አለ። "አልጋው ሞቋል እትዬ። አሁንማ እጀታም አለው።"

ሩብ ሰዓት ተኛችበት። ከዚያ ብረቱን ጨብጣ፣ የሰው እጅ ሳትለምን፣ ቀስ ብላ ተነሳች። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተነስታ አታውቅም። ጉልበቷን መርገሙን ትታ ያችን አርክቴክት መረቀቻት፤ ስሟን እንኳ አለመጠየቋ ቆጫት።

ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ መንገዱ አልቆ፣ መጥረጊያዋን ስታራግፍ ደረሰችባት። አይታ አለፈች።

ማታ የወንድሟ ልጅ ሊጠይቃት መጥቶ በሩ ላይ ሲያመነታ፣ "ግባ" አለችው። "የመሃሉን ረስቼልሃለሁ። የዳሩን ግን እስክሞት አልረሳልህም።"