የእትዬ ዘሃራ ድንጋይ

ትናንት ጠዋት የልጄ ስልክ ጢን አለና «አባዬ፣ ውሃ በአራት ሰዓት ይለቀቃል ይላል» አለችኝ። የምንኖረው በሰው አገር ከተማ፣ ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ የሚመጣበት ሰዓት ለነዋሪው ሁሉ በስልክ ይላካል፣ ማንም ከቤቱ አይወጣም፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሰዓቱ ደርሶ ቧንቧውን ስከፍተው አስቀድሞ የዛገ ውሃ ተፋብኝ፤ ያ የዝገት ሽታ በአፍንጫዬ ይዞ ሞያሌ አደረሰኝ።

ልጅ ሳለሁ ሞያሌ፣ ከድንበሩ በእኛ በኩል ያለው ሞያሌ፣ ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ቦኖ ነበረው። ውሃው ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል፤ ሰዓቱን የሚያውቅ ስለሌለ አርባው ቤት ወረፋ የሚይዘው በድንጋይ ነበር። ድንጋዩም እንደ ሰው ይታወቃል፤ ጠፍጣፋው የእናቴ፣ ነጭ ሰንበር ያለበት የእትዬ ዘሃራ። ሴቶቹ የጓዳ ሥራቸውን ሲሠሩ ቆይተው ቧንቧው ማጉረምረም ሲጀምር ቆርቆሯቸውን አንጠልጥለው ይሮጣሉ። ተራው ደርሶ ባለቤቱ ያልመጣ ድንጋይ ካለ ደግሞ ከኋላ ያለው ሰው አይዘለውም፣ «እገሊት የት ገባች?» ብሎ ቤቷ ድረስ ያስጠይቃል። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

እኔ ነኝ ያፈረስኩት። ኳስ ልንጫወት ተቀጣጥረናል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከፊቴ የቀረው የእትዬ ዘሃራ ድንጋይ ብቻ ነው። እትዬ ዘሃራ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥና የተሰበረውን ለእኔ የምታስቀር ሴት ነበረች። ድንጋይዋን በእግሬ ገፋ አድርጌ ቦይ ውስጥ ከተትኩትና ቆርቆሮዬን ሞልቼ ሄድኩ።

በማግስቱ እናቴ ቦኖው ጋ ቆማ «የዘሃራ ድንጋይ የታለ?» አለች። ሴቶቹ ተያዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«አንተ! ተናገር!»

በጣቴ ቦዩን አሳየኋት። እናቴ ቆርቆሮዋን ጥላ ወደ ዘሃራ ቤት ሮጠች፣ ሴቶቹም ተከተሏት። እትዬ ዘሃራ በፊተኛው ቀን ድንጋይዋን አስቀምጣ እንደተመለሰች ወባ ጥሏት፣ ጠብታ ውሃ በሌለበት ቤት ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ምንጣፍ ላይ ተኝታ አገኟት። አንዷ ጨርቅ ነከረች፣ አንዷ አጥሚት ይዛ መጣች፣ ወንዶቹ በአልጋ ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷት። እኔ በር ላይ ተቀምጬ፣ ከሞተች የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ አለቀስኩ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች። ጢም እስካበቅል ድረስም ባየችኝ ቁጥር «ድንጋይ ሌባው መጣ፣ ጉልቻችሁን ደብቁ!» እያለች ሰፈሩን ስታስቅብኝ ኖረች፤ የተሰበረውን ሳምቡሳ ግን አልከለከለችኝም።

ይህን ለልጄ ስነግራት «ያኔ ስልክ ቢኖር ትደውል ነበር» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ መደወል የቻለ ይደውላል። «ያቃተውንስ ማን ይጠይቀው?» ነው የምላት። አልተስማማንም። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ቤት ውሃ እያለ በየጠዋቱ ቢጫ ጀሪካኔን ከዘበኛው ቤት አንስቼ የግቢው ቧንቧ ጋ ወረፋ እይዛለሁ፣ ወረፋው እኔ ብቻ ብሆንም። ዘበኛው ኦቲዬኖ ሽማግሌን ሙዜ፣ ውሃን ማጂ ከሚለው ቋንቋው እየቀላቀለ «ሙዜ፣ ፎቅ ላይ እኮ ማጂ ሞልቷል!» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ባለፈው ወር ሳል ጣለኝና ሳልወርድ ቀረሁ። ልጄ ሥራ ሄዳለች፣ ስልኬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። እየተንፏቀቅኩ ስከፍት ኦቲዬኖ ጀሪካኔን ሞልቶ፣ አራት ፎቅ ተሸክሞ፣ እያለከለከ ቆሟል።

«ሙዜ፣ ዛሬ ምነው አልወረዱም?»

ሻይ አፍልቶ አጠጣኝ። ሞያሌ ላይ ድንጋዬን አርባ ቤት ያይልኝ ነበር፤ እዚህ፣ በዚህ ሁሉ ፎቅ መሃል፣ አንድ ኦቲዬኖ አለኝ።