ሲሚንቶ የለበሰው መስጊድ

ይህን ለሚስቴም ለኢማሙም ነግሬ አላውቅም። ሂርና ውስጥ ስሜ ሲነሳ «አላህ ይጨምርለት» የምትሉ ሁሉ ስሙኝ፤ የሰፈራችንን አሮጌ መስጊድ የጣለው ዝናብም ጭቃም አይደለም። እኔ ነኝ!

መስጊዱ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነበር። በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ የሰፈሩ ሴቶች ጭቃና ጭድ አቡክተው ስንጥቁን ይደፍናሉ፤ ከዚያ ኖራ ይቀቡታል። አስተባባሪያቸው ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ነበሩ። ማንም አልቀጠራቸውም። «አባቶቻችን የሰገዱበት ነው፤ እኛ እያለን አይወድቅም» ይሉ ነበር።

እኔ ደግሞ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ። ስሜ በዱዓ እንዲጠራ ቋመጥኩ። ሲሚንቶ በነፃ አስጭኜ አመጣሁና «እስከ መቼ ጭቃ ስታቦኩ ትኖራላችሁ?» ብዬ ሴቶቹ ላይ ሳቅሁ። አዴ ዘይነባ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ አይጎዳውም?» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! እንዲያውም ያጠነክረዋል» አልኳቸው።

ዋሸሁ! የአባቴ የጭቃ መጋዘን በሲሚንቶ ተለስኖ፣ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ፣ ውስጥ ውስጡን በስብሶ ሲናድ በዓይኔ አይቻለሁ እኮ። አውቅ ነበር። እያወቅኩ አስለሰንኩት። ለምን? ለአንዲት «አሚን»? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሁለት ክረምት አልቆየም፤ ስንሰግድ ፊታችንን የምናዞርበት የቂብላው ግድግዳ ተናደ። ደግነቱ ውስጡ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ምክንያቱን ሲጠይቁ፣ «ሴቶቹ ውሃ የበዛበት ጭቃ ሲለጥፉበት ኖረው ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። በዚህ አፌ! ሽማግሌዎቹስ? የነጋዴ ቃል ሰምተው የዕድሜ ልክ ልፋትን በአንድ አፍታ ሲጥሉ ትንሽ አይከብዳቸውም? አንድም ሰው አዴ ዘይነባን አልጠየቀም። ግን በእነሱ ምን አናደደኝ፤ የዋሸኋቸው እኔ!

አዴ ዘይነባ እዚያው ቆመው ነበር። እጃቸውን አገላብጠው አዩና «እኔ ነኝ እንዴ የጣልኩት?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጭቃ አልነኩም። ታመው ልጠይቃቸው ስሄድም ያንኑ ጠየቁኝ። «ይተዉት፣ ያለፈ ነገር ነው» ብያቸው ወጣሁ። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

የቀረው ፈርሶ አሁን በቦታው የብሎኬት መስጊድ ቆሟል። እሱንም እኔ ነኝ ያሠራሁት፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ዱዓ ይደረግልኛል። አፉ በሉኝ አልላችሁም። አፉ ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ አልጠየቅኳቸውም። በመጪው ጁምዓ ስሜ ሲጠራ ግን አሚን እንዳትሉ። ዱዓውን ለአዴ ዘይነባ አድርጉላቸው። እሳቸው አልጣሉትም።