የእኔ ያልሆነው አውራ ጣት

እናቴ የሞተች ቀን የእድራችን ድንኳን ሠርግ ቤት ተተክሎ ነበር። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ያወቅሁት ጥሩምባው አለመነፋቱን ብቻ ነው።

እናቴን ከመካነ ብርሃን አምጥቻት አዘዞ እኔ ቤት አራት ዓመት ኖራለች። በመጣች በወሩ እድሩ ላይ አስመዘገብኋት። በደንባችን፣ ከአባል ጋር የሚኖር ወላጅ ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አባል ሁሉ ወጥቶ ይቀብራል። ይህን ስነግራት «እንግዲያው አገሬ ባልቀበርም ቀባሪ አላጣም» ብላ ደስ አላት።

ንጋት ላይ አረፈች። ለእድሩ ጸሐፊ መልእክት ላክሁ። ፀሐይ ወጣች፣ ከፍ አለች፣ የሚነፋ ጥሩምባ የለም። ጎረቤቴ ፒያሳ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ናት። ያን ቀን ሱቋን ሳትከፍት ቀረች፤ ከባሏ ጋር ከቤታቸው ሸራ አምጥተው ከአጥሬ እስከ ባሕር ዛፉ ወጠሩልኝ። ሸራው አጠረ። ግማሹ ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ቀባሪ አላጣም ያለችውን እናቴን በወሬ ወሬ የሰሙ ጥቂት ሰዎች ቀበሯት።

በሰልስቱ ማግስት ጸሐፊው ዘንድ ሄድሁ። ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰካ ጎልማሳ ነው።

«ምነው፣ ምን በደልኋችሁ?» አልሁት።

«እማማ፣ እናትዎ እኮ ከመዝገብ ወጥተዋል። እርስዎም ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተስማምተዋል። በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል።»

«እኔ? እናቴን ከእድር አውጡልኝ ብዬ?»

«ዘንግተውት ይሆናል። በዕድሜ ያለ ነው።»

«መዝገቡን አሳየኝ።»

«ቃለ ጉባኤ የኮሚቴው ነው። ተራ አባል አያየውም።»

«ከማሕፀኗ የወጣሁት እኔ ነኝ ወይስ ኮሚቴው?»

ሳቀ። ያን ሳቁን ይዤው ቤቴ ገባሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ነበር። እናቷን ከእድር ያስወጣች ተባልሁ። ሰው ሰርቆም ገድሎም ይታረቃል፤ እናቱን ቀባሪ ያሳጣ ግን በምን ፊቱ ሰው መካከል ይቀመጣል? ወፍጮ ቤት ስደርስ ሴቶቹ ቁናቸውን ከቁናዬ ያርቃሉ።

የድንኳኑን ነገር ያወጣችው ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን በሬ ላይ ቆማ፣ «እቱ፣ ድንኳኑ የት እንደ ነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ከጸሐፊው እህት ቤት። ልጇን ስትድር። የሙሽራዋን ጨርቅ የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ቀኑን አልስተውም።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። የለቅሶ ድንኳን ለሠርግ መስጠት በእድራችን ክልክል ነው። እህቱን ለማስደሰት ደብቆ ሰጠ፤ እናቴ በዚያው ቀን ሞተችበት። ድንኳኑን ከሠርግ ማንሣት ቢያቅተው እናቴን ከመዝገብ አነሣት።

ብናገር ማን ያምነኛል? በእጁ መዝገብ አለ፤ እኔ ያለኝ አፌ ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡ በሰው ፊት ካልተነበበ እንደማላርፍ ማልሁ።

እድራችን በየወሩ እሑድ ይሰበሰባል። ተነሥቼ «ቃለ ጉባኤው ይነበብ» አልሁ። የእድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊው የሰጠውን ሁሉ ሳያነብ የሚፈርም፣ ደግ ግን ፈሪ ሽማግሌ፣ «አጀንዳ ላይ የለም፣ ቁጭ በይ» አለኝ። በወሩ፣ «አያ ዳኛ፣ አጀንዳ ላይ ይያዝልኝ» አልሁ። «አጀንዳ የሚይዘው ጸሐፊው ነው» አለኝ። ጸሐፊውን አየሁት። እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋው።

ለቅሶም አልቀረሁበትም። እድሩ በወጣበት ሁሉ እሄዳለሁ፤ ሁሉን ሰላም እልና እሱን ዘልዬ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ቦታ ሲቀይር እቀይራለሁ። አንዱ ቀልደኛ «ሴትዮዋ ታጭታለት ነው እንዴ?» ብሎ ለቀስተኛውን አሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ እንዲህ ተቀመጥሁ። ከስቷል ሲሉኝ ሸጋ እንቅልፍ ተኛሁ።

በዓመቱ ኮሚቴ ሲቀየር የቆየው ለአዲሱ መዛግብቱን በአባል ፊት ያስረክባል። ሣጥኑ ተከፍቶ መዝገቦቹ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። እንደ ልማዴ ልነሣ ስል ጎረቤቴ ቀደመችኝ።

«እኔም አባል ነኝ» አለች። «ባሏን ከእድር አስወጥታለች ብላችሁ ጽፋችሁብኝ እንደ ሆነ በምን አውቃለሁ? እናንተስ ምን እንደ ተጻፈባችሁ ታውቃላችሁ?»

ጉባኤው ተንጫጫ። እስከዚያች ሰዓት ሰው የሚያስበው የእኔን ነገር ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ የራሱን ገጽ ማሰብ ጀመረ። «ይነበብ!» የሚለው ድምፅ ከኋላ መጣ፣ ከጎን መጣ። ፈሪው ዳኛ የሚፈራው ነገር ተቀየረና «አንብበው» አለ።

ጸሐፊው አነበበ። «…ወይዘሮዋ ቀርበው እናታቸው ከእድሩ እንዲወጡ በፈቃዳቸው ተስማምተው በጣታቸው ፈርመዋል።»

«በምን?» አልሁ።

«በጣትዎ።»

«ድገመው፣ ሁሉም ይስማ።»

«በአውራ ጣትዎ፣ እማማ።»

እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ብዙ አልዘለቅሁም፤ ጋዜጣ ሳነብ መሽቶ ይነጋል። ግን ስሜን መጻፍ ከቻልሁበት ቀን ወዲህ ጣቴን ቀለም ነክቶት አያውቅም። በየወሩ ስብሰባ የመገኛ መዝገብ ላይ ስሜን የምጽፈው እሱ ፊት ነው። መዝገቡን የሚገፋልኝ እሱ፣ የሚቀበለኝ እሱ። አንድ ቀን እንኳ ምን እንደ ጻፍሁ አላየም። ነጠላዬን አየና ከገጠር የመጣች አሮጊት በጣቷ ትፈርማለች ብሎ ደመደመ።

«የመገኛው መዝገብ ይዙር» አልሁ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የእኔ ፊደሎች እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያዘነበሉ ናቸው፤ ማንም አይስታቸውም። በየወሩ አሉ። ጣት የሚባል የለም።

«ታዲያ ይህ ጣት የማን ነው?» አለ አንዱ።

ያ ቀልደኛ ከኋላ «እስኪ አውራ ጣቱን ያሳየን!» ብሎ ጮኸ። ጸሐፊው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የተሳቀው ያን ጊዜ ነው። በዚያ ሳቅ ውስጥ የእሱን የድሮ ሳቅ ፈለግሁት፤ አጣሁት።

በሳምንቱ ጸሐፊው ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ በሬ ላይ አጎነበሰ። «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይው» አሉኝ። «መጀመሪያ ይጻፍ» አልሁ። የእናቴን ስም መልሶ ይጻፍ። ከሐሰቱ ገጽ ሥር «ይህን ፈጥሬ የጻፍሁት እኔ ነኝ» ብሎ ይጻፍ። አባል ሁሉ ቃለ ጉባኤውን በጠየቀ ጊዜ ማየት እንደሚችልም በገዛ እጁ ደንቡ ላይ ይጨምር። ከዚያ ጉባኤ ፊት ቆሞ ሦስቱንም ያንብብ።

ጻፈ። ሲያነብ «ጮክ በል፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አልሁት። ሰምተው ነበር።

«አሁንስ ይቅር አልሽ?» አለኝ ዳኛው።

«ይጻፍ አልሁ እንጂ ይቅር እላለሁ አላልሁም።»

እኔን የሣጥኑና የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ያዥ አድርገው መረጡኝ። መዝገቡን ላየው ላለ ሁሉ እከፍታለሁ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ የዚያ የድሮው ጸሐፊ እናት ሞቱ። መልእክቱ ሲደርሰኝ ነጠላዬን ሳላስተካክል ሄጄ መጋዘኑን ከፈትሁ። ፀሐይ ሳትወጣ ጥሩምባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፤ አንድም ሰው ፀሐይ ላይ አልተቀመጠም። ለእናቱ ነፍስ ይማር አልሁና ሦስቱንም ቀን ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። የመጣው ሁሉ እግዜር ያጽናህ ይለዋል። በመጨረሻው ቀን ቀና ብሎ አየኝ፤ ምን እንደሚጠብቅ አውቄአለሁ። ተነሥቼ ድንኳኑ እንዲነቀል አዘዝሁ።

ዳኛው ተከትሎኝ «ምነው፣ አንዲት ቃል ብትይው?» አለኝ።

«አያ ዳኛ፣ ደንቡ ላይ የለም» አልሁት።