አንቱ ያለችው ቀን

መሪጌታ የኔሰው ከአሸተን ማርያም በታች ባለው ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ሲውሉ ይኸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሥራው ቀላል ነው ተብለው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ፊልም ሠሪዎች የድሮ ዘመን ድራማ ሲቀርጹ፣ ተዋንያኑን የዛሬ አማርኛ ሲያመልጣቸው መሪጌታ እጃቸውን ያነሣሉ፤ በቃ። እጅ ከማንሣት ብዛት ግን ትከሻቸው ዛለ። ንጉሡ «ችግር የለም» ይላል፤ የጦር አበጋዙ «ኦኬ» ይላል። ጉልበታቸውም ወገባቸውም ወደ ቤት ወደ ቤት ብሏል።

ዛሬ ግን አንዲት ቃል ሳያስተካክሉ ከወንበሩ ላይነሡ ቆርጠዋል።

ድራማው ሥልጣን ፍለጋ እጮኛውን ጥሎ ስለሄደ ሰው ነው። ነግሦ ሲመለስ ልጅቷ ፊቱ ትቀርባለች፤ ጽሑፉ ላይ ደረቷን እየደቃች «ለምን ተውኸኝ?» ትላለች።

«አትልም» አሉ መሪጌታ።

«ምኑን?» አለ ዳይሬክተሩ ምንይችል፣ ፀሐይዋ እንዳታመልጠው ቀና ብሎ እያየ።

«አንቱ ነው የምትለው። ‹እንዴት ሰነበቱ› ትላለች፣ እጅ ትነሣለች፣ ትሄዳለች።»

«በሞቴ መሪጌታ! ፍቅረኛው እኮ ነበረች። አንቱ ካለችውማ ፍቅሩ የት ሄደ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ፤ እዚያች ላይ ነው የሄደው!»

አጃቢ ሆነው የተቀጠሩት የሰፈር ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ኧረ ጉድ፣ መሪጌታም ሆዳቸው ውስጥ ነገር አለ!» አለች አንዷ። ከመካከላቸው ባንቺዓለም ብቻ አልሳቀችም።

መሪጌታ እንዴት አያውቁ! በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ ሊቅ ተብዬ ካልተመለስሁ ብለው፣ ባንቺዓለምን «ጠብቂኝ» እንኳ ሳይሏት ጎጃም ቅኔ ቤት ወረዱ። ሰባት ዓመት። ጥምጥም አሥረው ሲመለሱ፣ ከነአቧራቸው በቀጥታ ደጇ ሄደው ቆሙ። «አንተ የኔሰው» ስትላቸው የኖረችው ልጅ አንቱ አለቻቸው። በሩ የተዘጋባቸው መሰላቸው፤ ዞረው ሄዱ። በዓመቱ ሌላ አገቡ፣ እሷም ሌላ አገባች። ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «እንዴት አደሩ» ከመባባል አላለፉም።

ተዋናይቷ ቃሉን ወደደችው። «እስቲ ልሞክረው» ብላ እጅ ነሣች፤ «እንዴት ሰነበቱ» አለች፤ ዞረች። ንጉሡ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ምንይችል «ካት» ማለት ረስቶ ቆየ።

«ይባረኩ መሪጌታ! በቃ፣ የዛሬው አለቀ!»

ባንቺዓለም ለድራማው ያለበሷትን ካባ አስረክባ አጠገባቸው መጣች።

«መሪጌታ፣ እኔን ነው ያስቀረጹኝ?»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«‹እንዴት ሰነበቱ› አላልሁም እኮ።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«‹ይግቡ› ነው ያልሁት። ጥምጥሙን ሳይ አፌ አንተ ማለት ፈራ እንጂ… እግርዎን የማጥብበት ውኃ ላመጣ ጓዳ ገባሁ። ስወጣ የሉም።»

መሪጌታ እግራቸውን እየጎተቱ ምንይችል ዘንድ ሄዱ።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ ይደገም። ቃሉን ተሳስቻለሁ።»

«ፀሐይዋ ገባች እኮ መሪጌታ። ደግሞ ምን ጎደለው? ከዚህ በላይ አያምርም።»

ዕቃው እየተጫነ ነበር። ወንበራቸውንም ወሰዱት። ሴቶቹ ቁልቁለቱን ጀምረዋል፤ ባንቺዓለም ከሁሉም ኋላ ናት።

«ቀስ ብለው ይውረዱ» አለቻቸው ሳትዞር፣ «ድንጋዩ ያዳልጣል።»

ቀስ ብለው ወረዱ።