አጎቴ በረዶ ሊያሳየን የወሰደን መንደር

ወረርሽኙ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ የሌሶቶ ድንበር እንደ ተከፈተ፣ አጎቴ ዘንድሮ አረፋን በረዶ ላይ እናከብራለን ብሎ ተነሣ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጆሃንስበርግ እንደ ገባ ቶኮዛ ውስጥ ካልሲና ቀበቶ ተሸክሞ በር ለበር ይሸጥ ነበር። አሁን ጀፕስታውን ላይ የጅምላ መደብር አለው፤ ልጆቹንም የሀብታም ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አስገብቷል። መዘዙ የመጣው ከዚያ ትምህርት ቤት ነው። የልጆቹ ጓደኞች በየዓመቱ ተራራ እየወጡ በበረዶ ላይ ይንሸራተታሉ አሉ። ሚስቱ፣ ልጆቼ በሰው ፊት አንገታቸውን ደፉ ብላ አላስቀምጥ አላስተኛ አለችው። እኔ ልጆቹን አይቻቸዋለሁ። አንገታቸውን የደፉት ስልካቸው ላይ ነው።

ያን ጊዜ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በኢንተርኔት ስላደረገው ውሎዬ ከእናቴ ጋር አጎቴ መደብር ነበር። አንድ ቀን አጎቴ እዚያው፣ ሌሶቶ ውስጥ ለእንግዳ ማረፊያ የተሠራ መንደር ማስታወቂያ በስልኩ ለእናቴ አሳያት። "ባህላዊ የተራራ መንደር፣ ለመላው ቤተሰብ" ይላል፤ ተረጎምኩላት። እናቴ ስልኩን ከዓይኗ አርቃ አየችና፣

"ይኼማ የኛ አገር ጎጆ ነው" አለች።

"እትዬ፣ ይኼኛው ሙቅ ውኃ አለው" አላት አጎቴ።

እናቴ የተወለደችው ስልጤ፣ ደጋው ላይ፣ ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ነው። ስለዚያ ቤት በናፍቆት ስታወራ ሰምቼ አላውቅም። የምታነሣው ዓይን የሚያቃጥለውን ጢስ፣ ቁንጫውንና በዝናብ ጊዜ የሚያፈሰውን ክዳን ነው። በግ ሳይታረድ ምኑን አረፋ ሆነ ብላ ጥቂት ተከራከረች፤ ሆቴሉ የበግ ሥጋ አያጣም ተባለችና ሻንጣዋን አዘጋጀች።

በሁለት መኪና ሄድን። ድንበሩ ላይ አፍንጫችን የተመረመረበትን ወረቀት አሳይተን አለፍን፤ ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ወጣ። ተራራው ከእግር እስከ ራሱ የደረቀ ሣር ነው። በረዶ የሚባል ነገር የለም። የአጎቴ ሚስት በየመታጠፊያው ስልኳን ለፎቶ አዘጋጅታ በየመታጠፊያው መልሳ ታስቀምጣለች።

መንደሩ አጥርና ዘበኛ አለው። በሩ ላይ ብርድ ልብስ የደረቡ ሴቶች አፋቸውን በማስክ ሸፍነው ዘፈኑልን፤ አንዷ በየተራ እጃችን ላይ ሳኒታይዘር ረጨች። ከውስጥ ክብ ክብ ጎጆዎች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። ማንም ተወልዶባቸው፣ ማንም ሞቶባቸው የማያውቅ ቤቶች ናቸው። ሕፃን አያለቅስም፣ ዶሮ አይጭርም። ከብት በሌለበት ግቢ፣ በየጎጆው ደጃፍ በቫርኒሽ ያብለጨለጨ የላም ቀንድ ተሰቅሏል። የአጎቴ ሚስት "ሰላሙ ደስ ሲል" አለች። ሰላምማ መቃብር ውስጥም አለ።

እናቴ ከእኔ ጋር የደረሳትን ጎጆ ገብታ ዞረችው። መሃሉ ላይ ትልቅ ምሰሶ ቆሟል። በጣቷ ብትቆረቁረው እንደ ባዶ ጄሪካን ጮኸ፤ እንጨት የሚመስል ቀለም የተቀባ ቱቦ ነበር። እናቴ ወለሉን አየች፣ ክዳኑን አየች፣ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

"ከብት ያልዋለበት ኩበት ለቀማ" አለችና ጫማዋን አወለቀች።

በረዶው በማግስቱ ታየ። ከአጥሩ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ በማሽን የተረጨ አንድ ነጭ መስመር ነው። ከሩቅ ሲያዩት የዱቄት ከረጢት ተቀዶ እየፈሰሰ የተጎተተ ይመስላል። ለዚህ ሲባል ቤተሰቡ ሁሉ ሱሪ፣ ቦት ጫማና የራስ ቁር ተከራየ። አሠልጣኙ ለጀማሪ የሚሆነውን ዝቅተኛ ቦታ ሲያሳየው አጎቴ በጅምላ ነጋዴ ኩራት እጁን አወናጨፈና ወደ ላይኛው ወጣ። እኔ ከታች ሆኜ እንድቀርፀው ታዝዣለሁ። ትንሽ ቆሞ ታየኝ፤ ከዚያ ወደቀና በሆዱ እየተንሸራተተ መጥቶ ከታች የተዘረጋው መረብ ውስጥ ገባ። አሠልጣኙ አላቆ ሲያነሣው፣ በመጀመሪያ የጠየቀኝ ቀርፀሽዋል ወይ ብሎ ነው። አጥፍቼው እንደገና አነሣሁት፤ አሁን ግን ቆሞ ብቻ፣ ሁለቱን የመንሸራተቻ ዘንግ ጨብጦ፣ ወደ ሰማይ እያየ።

ፎቶውን እዚያው ሆኖ ወደ አገር ልጆች የዋትሳፕ ግሩፕ ላከው። ያ ግሩፕ ሁለት ዓመት ሙሉ የሞት መርዶ ሲመጣበት የኖረ ነው። አስከሬናቸው አገር መግባት ያልቻለ ሰዎች ፎቶ የተለጠፈበት፣ ሰው በየቤቱ ተዘግቶ ብቻውን ያለቀሰበት። ከነዚያ ሥር የአጎቴ የራስ ቁር ተለጠፈ። ሰው ደግሞ ማሻአላህ እያለ መለሰ።

ማታ "የባህል ዝግጅት" ተባለና እሳት ዙሪያ ተቀመጥን። የመንደሩ ሥራ አስኪያጅ፣ አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴትዮ፣ እንግዳ በአያቶች ምርቃት ብርድ ልብስ ይለብሳል፣ ብርድ ልብሶቹን የተራራው እናቶች በእጃቸው ሸምነዋቸዋል አለች። ተራዬ ደርሶ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ በእጄ አወቅሁት። ጠርዙን ገልብጬ ምልክቱን አየሁ። ከቻይና በኮንቴይነር የሚመጣ፣ እኔው ራሴ ከቦንዳ እየፈታሁ መደርደሪያ ላይ የማወጣው፣ የአጎቴ ዕቃ ነው።

አጎቴን አየሁት። እሱም አውቆታል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የገዛ ሸቀጡን እየተመረቀበት ነበር።

"አጎቴ" አልኩት፣ "ይኼ እኮ—"

"ዝም በይ" አለኝ። "ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል።"

ልጆቹ ኢንተርኔት ወዳለበት ጎጆ ሄደው ነበር።

ጠዋት አረፋ ነው። እናቴ ሰግዳ ስትጨርስ ነጠላዋን ለበሰች፤ ነይ ብላኝ በዘበኛው አጠገብ አልፈን ወጣን። ጉብታውን ስንዞር እውነተኛው መንደር ተገኘ፤ የቆርቆሮ ቤቶች፣ የሳተላይት ሳህን፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ። እናቴ መደብር ውስጥ ከሌሶቶ ደንበኞች በለመደችው "ዱሜላ" አንዲት ውኃ የያዘች ሴት ሰላም አለች። ሴትዮዋ ጆሃንስበርግ፣ ኮዝሞ ሲቲ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ በሎክዳውኑ ከሥራ ወጥታ ነው ወደ አገሯ የተመለሰችው። ስለዚህ ከሱቅ በለቀምኩት ዙሉ ተግባባን። በሩ ላይ ከዘፈኑልን ሴቶች አንዷ እህቷ መሆኗንም ነገረችኝ።

እናቴ፣ እናንተ ለምን ሣር ክዳን የላችሁም በያት አለችኝ። ጠየቅኋት።

ሴትዮዋ እንደ ሞኝ አየችን። "ቆርቆሮ የምንገዛበት ስናገኝ ተውነዋ። እሱን የሠሩት ለእናንተ ነው" አለች።

ስተረጉምላት እናቴ ከጆሃንስበርግ ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። የሚሸጥ በግ አላችሁ ወይ ብላ አስጠየቀች፤ ነበራቸው። ከዚያ ስልኬን ተቀብላ ወንድሟን "ቢላ ይዘህ ና" አለችው። አጎቴ የተከራየውን የበረዶ ሱሪ እንደ ለበሰ፣ በየእርምጃው እየተንኮሻኮሸ መጣ። ቢስሚላህ ብሎ አረደ። እጁ ግን ጥሩ ነው፤ ይኼን አልነሣውም። ሲጨርስ ስልኩን ሊያወጣ ሲል እናቴ በዓይኗ ከለከለችው። ሥጋውን ከፋፍላ ለሴትዮዋና ለጎረቤቶቿ የሚገባቸውን ሰጠች። የእኛን ድርሻ እዚያው ግቢ ጠብሰን በላን። የአጎቴ ሚስት መንደሩ ውስጥ ቁርስ ተከፍሎበታል ብላ አልመጣችም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከአጎቴ ጎን እናቴ፣ ከኋላ እኔ ነበርን። አጎቴ ገና ድንበሩን ሳንደርስ ሐሳቡን ገለጠ። አገር ቤት፣ አባታቸው መሬት ላይ፣ እንዲህ ያለ ባህላዊ መንደር ሊሠራ ነው። የወደቀውን ጎጆ አስነሥቶ፣ ሌላ ስምንት ጨምሮ።

"ማን ሊኖርበት?" አለችው እናቴ።

"እንግዳ ነዋ።"

"እዚያ በረዶ የለም።"

"ብርዱ አለ" አላት።

እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም። በዓመቱ ሥራው ተጀመረ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ ካለበሰ ስለቆየ ክዳን የሚከድን ሰው ጠፋ ተባለና፣ ከሌላ ወረዳ ሽማግሌዎች በመኪና እየመጡ ከደኑ። አንዱ የአክስቴ ልጅ ቪዲዮ ልኮልናል። ጎጆዎቹ ቆመዋል፣ አጥርም አላቸው። ጎረቤቶቹ ከቆርቆሮ ቤታቸው ደጃፍ ተደርድረው ያያሉ፤ አንዲት ሴት በልጅነቷ ከእንዲህ ያለው ቤት መቼ በወጣሁ ትል እንደነበር ለቀረፀው ሰው ትነግረዋለች። አጎቴ ምሰሶውን እውነተኛ ጥድ አድርጌዋለሁ እያለ ይኮራበታል። እስካሁን አንድም እንግዳ አላደረበትም።